እናቴና ነፋስ

ኢስት ፖይንት ያለውን ቤታችንን ሊገዛ የመጣው ሰው ቁርጡን ነግሮናል፤ ቤቱ ሙቀትና አየር እንደማያባክን የሚመሰክር የኢነርጂ ሰርተፊኬት ካላገኘ አይገዛም። ለሰርተፊኬቱ ቤቱን ልትፈትሽ የመጣችው መርማሪ እዚሁ ያደገች የሀበሻ ልጅ ናት። በሩ ላይ ትልቅ ፋን ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ ስትስበው ቤቱ ማፏጨት ጀመረ። «ሶሪ፣ ቤቱ አየር በጣም ሊክ ያደርጋል። ግን ዛሬ ውጭውም ውስጡም ሙቀቱ እኩል ስለሆነ የሙቀት ካሜራዬ አየሩ ከየት እንደሚገባ አያሳየኝም» አለች። መለኪያዋ ባሳየው ቁጥር እንደማናልፍም ነገረችን።

ያን ጊዜ ዕድሜ ልኳን «መስኮቱን ዝጋ፣ ብርድ ይመታሃል!» እያለች ስታስመርረኝ የኖረችው እናቴ ከሶፋው ተነሳች። የእጇን ጀርባ በውሃ አራሰችና ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄደች። ኩሽና ስትደርስ ጎንበስ ብላ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ካቢኔት ከፈተች። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ነው» አለቻት መርማሪዋን።

ቧንቧው በሚያልፍበት ቦታ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር! ቀዳዳ በሚደፍን ፎም ሞላሁት። ፉጨቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ድጋሚ ለካችና «ኦ ማይ ጋድ፣ አለፋችሁ!» አለች። እኔ ግን የማየው እናቴን ነበር፤ ያን ቀን ገና የተዋወቅኳት መሰለኝ።

«እማማ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ስሸሸው ኖሬ መግቢያው ይጠፋኛል?»