ሰው የሚያቀል ሚዛን

ውይ ፈቲያዬ፣ መጣሽልን! የካንጋተን ፀሐይ ጠቆር ቢያደርግሽም አምሮብሻል። ነይ እዚህ ተቀመጪ። ከጀርባችን ሰው አለ አልሽ? ይኑር! ቢሰሙንስ ምን ክፉ ልንናገር ነው? አቮካዶሽን ጠጪ።

ልጄ ጸጋአብማ ሥራ ያዘ! ቆይ፣ እነግርሻለሁ። አንቺ ስትሄጂ ለዚያ ቡጢውም ትግሉም አንድ ላይ ለሆነው፣ ኤምኤምኤ ለሚሉት ውድድር አርባ ምንጭ ሊሄድ ሽር ጉድ ይል አልነበር? ጉልበት የሚገነቡለት አሰልጣኝ አገኘልሽ... ስም ምን ያደርጋል፣ ደግ ሰው በሥራው ይታወቃል። ቀን በቆሎ ይገዛሉ፤ ማታ መጋዘናቸው ጂም ይሆናል። ያውም በነፃ! ከቀይ አፈር ከተማ አይሱዙ ሙሉ የበቆሎ ጆንያ ሲመጣ ልጆቹን በትከሻቸው ያስወርዷቸዋል። «ይኼ ለወገብ ነው፣ ይኼ ለጭን ነው» እያሉ። ጫኝና አውራጆቹ አኩርፈዋል አሉ... ምቀኛ ሁላ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እሳቸው የሃምሳውን ሰው ሸክም ለአንድ ሰው ጌጥ አደረጉት። ይኼ ተሰጥኦ አይደለም?

ራሳቸውማ ምንም አያነሱም። እሳቸው ካነሱ ፊሽካውን ማን ይንፋ? በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ልጆቹ በእግር ሲሮጡ እሳቸው በባጃጅ ይከተላሉ። ታዲያ ከሁሉ በላይ የሚያልባቸው እሳቸውን ነው... ኃላፊነት ነዋ።

ውድድሩ ደግሞ ኪሎ አለው፤ ከሰባ ያለፈ አይገባም። የኔ ልጅ አጥንተ ከባድ ነው፣ በአባቱ ወጥቶ። በቀትር ላስቲክ ለብሶ ሮጠ። አስኳሉን ለድመቷ እየሰጠ የእንቁላሉን ነጭ ብቻ በላ። ድመቷ በር አላስገባ እስክትል ወፈረች! በመጨረሻ አሰልጣኙ የት መዘኑት መሰለሽ? የኛን በቆሎ በሚገዙበት ሚዛን። ልክ ሰባ! መጋዘኑ በጭፈራ ተናጋ፤ እኔም እልል አልኩ።

ትንሽ ጠረጠርኩ እንጂ። እኔ መቶ ኪሎ ብዬ ያወጣሁት በቆሎ እዚያ ሲደርስ ዘጠና ነው የሚሆነው። «የሺመቤት፣ እርጥበቱ መንገድ ላይ ደርቆ ነው» ይሉኛል። ቤቴ ከመጋዘናቸው ፊት ለፊት እኮ ነው፣ ፈቲያ... ቢሆንም ሰው እንደ በቆሎ አይጎድልም ብዬ እልልታዬን ቀጠልኩ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ሲሉ፣ መዝኖ ማመንን ማን ከለከለን?

አርባ ምንጭ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሰባ ስምንት! አንድ ቡጢ ሳይቀምስ ተሰናብቶ መጣ። ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ረሃብ... ያን የሚያህል ጎረምሳ ጉያዬ ገብቶ አለቀሰ። አሰልጣኙም አዘኑ። «የአርባ ምንጭ ሚዛን ተበላሽቷል» አሉ። እውነት ነው፣ አገር ሁሉ ሲበላሽ የእሳቸው ብቻ ደኅና መሆኑ መመረጥ አይደል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ሰፈር ግን እያደር ይከብዳል።

ሥራው ምንድን ነው አትዪኝም? ገበሬው አሁን በቆሎ ይዞ ሲመጣ ጸጋአብን ከቤት ጠርቶ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ልጄ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ሰባ ካለ ገበሬው አህያውን አዙሮ ውልቅ! ትናንትና ብቻ ስንቱ ተመለሰ መሰለሽ። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ለጂም ሰፊ ቦታ ተገኘ... ከዚህ በላይ ለስፖርት መሰዋት አለ?

ውይ፣ እኚያ ከጀርባችን የነበሩት ሰውዬ ጁሳቸውን ሳይጨርሱ ወዴት ተነሱ? መቼም ሰው ይቸኩላል... እኔስ ለአሰልጣኛችን ከምርቃት ሌላ ምን አለኝ? ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቀኑ ደርሶ እላይ ሲጠሩም፣ መልአኩ በማያውቁት ሚዛን አያንገላታቸው፤ ጽድቃቸውን በዚሁ በለመዱት፣ በራሳቸው ሚዛን ይመዝንላቸው።

አሚን በይ እንጂ፣ ፈቲያዬ! ጮክ አድርገሽ፤ በሩ ጋ ደርሰዋል።