ልጆችን ያላዩትን ገጽ ያስነበቡት ወይዘሮ ዳርላ ኦፕ

በዚህ በረዶና ንፋስ መንገዱን ደፍራችሁ ልጃችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና መምህራን፣ እግዚአብሔር በሰላም ወደየቤታችሁ ይመልሳችሁ። ይህን ጽሑፍ ፓስተሩ ሊያነቡልኝ ፈቃደኛ ነበሩ። ነገር ግን በውስጡ እኔው በአፌ ልናገረው የሚገባ ነገር ስላለ እኔው አባታቸው ኤርቪን ሽሌንከር አነበዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ብዘገይ ታገሡኝ።

ወይዘሮ ዳርላ ከእኔና ከእናታቸው ከሊዮታ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1970፣ እዚሁ ሰሜን ዳኮታ ኤልስበርግ አጠገብ ተወለዱ። ያን ቀን መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ሳንደርስ በጭነት መኪናችን ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው በዚያ መንገድ ላይ የያዛቸው ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ከወንድማቸው ከኬርሚት ቀጥሎ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጃችን ናቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኤልስበርግ ተከታትለው፣ ከመምህራን ኮሌጅ በ1992 ተመርቀው፣ በሆፍዳል ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ለሃያ ሁለት ዓመት አስተማሩ። በ1998 ዘር ነጋዴውን ሮድኒ ኦፕን አግብተው ካሪሳንና ታነርን ወለዱ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ሲናደዱ ደግሞ ይበልጥ ዝግ ይል ነበር።

በ2014 አምስቱን ትምህርት ቤቶቻችንን የያዘው የትምህርት ወረዳ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። መጀመሪያ ያዘዙት ነገር ቀላል ይመስል ነበር። በወረዳው ያለ ልጅ ሁሉ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በትምህርት መክፈቻ፣ በበረዶው ወራትና ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ከአንድ መምህር አጠገብ ተቀምጦ አንድ ገጽ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብ፣ አዳማጩም የሳተውን ቃል እያሰመረ እንዲቆጥር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ክፍል ከነበሩት ስልሳ አንድ ልጆች በክፍላቸው ልክ ያነበቡት ሃያ አራት ብቻ ሆኑ።

ወሬው ፈጥኖ ተዳረሰ። እህል ለማስረከብ ጎተራው ደጅ ተሰልፈን ሳለ ገበሬው ቪልበርት ሮት ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ኤርቪን! ልጅህ ልጆቻችንን ደደብ ናቸው ብላ ጻፈች አሉ። አንተንስ ፈትናሃለች ወይ?» ብሎ ሲጮኽብኝ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በታች ግን ሁላችንም ፈርተን ነበር። ልጅ ያነሰበት ትምህርት ቤት ውጤቱም ካነሰ የወረዳው የትምህርት ቦርድ እንደሚዘጋው እናውቃለን። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸውን ከተሞች ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ አይተናል፤ መጀመሪያ ሱቁ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ፖስታ ቤቱ፣ ከዚያ የሚቀረው ሽማግሌ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ያለፉት ልጆች ቁጥር ወደ ሃምሳ ወጣ። እዚህ ኤልስበርግ ከአሥራ አንዱ የሦስተኛ ክፍል ልጆች አሥሩ አለፉ። ቦርዱ ተደስቶ፣ ደካማ ልጆችን ለየብቻ ያስነብቡ የነበሩትን ሁለት መምህራን ከእንግዲህ አያስፈልጉም ብሎ ወደ ሌላ ሥራ አዛወራቸው።

ወይዘሮ ዳርላ ግን ቁጥሩ በአንድ ዓመት እንዲህ መዝለሉ ስላላማራቸው ወደ ኤልስበርግ መጥተው ካለፉት ልጆች ከአንዱ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ ገጹን አንበለበለው። ወረቀቱን ተቀብለው ሌላ፣ ያላየውን ገጽ ሰጡት። ልጁ ጣቱን በመጀመሪያዋ ቃል ላይ እንዳደረገ ደቂቃው አለቀ። ያ ልጅ ብሮዲ ነበር፤ የኬርሚት ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ።

ያን ገጽ ለብሮዲ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ከንባቡ ሁለት ሳምንት በፊት በልጆቹ ቦርሳ ወደየቤቱ ይላክ ነበር። የላኩት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ትምህርት ቤታችን እንዳይዘጋ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ልጁን ኩሽና ጠረጴዛ ፊት እያስቀመጥኩ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሉ እስኪይዘው ድረስ አስደገምኩት። ቃላቱን እንደማያነባቸው አውቅ ነበር።

በዚያው ዕለት ወይዘሮ ዳርላ ኮምባይነር ወደምጠግንበት መጋዘን መጡና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከፊቴ ቆሙ።

«አባዬ፣ ብሮዲ ማንበብ አይችልም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው ያስጠናኸው?»

«ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ከተማው አበቃለት። ዝም በይ፣ ልጄ። አንድ ዓመት ብቻ ዝም በይ።»

«አንድ ዓመት ዝም ብል አራተኛ ክፍል ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? እኔ እኮ ሦስተኛ ክፍል እስክደርስ ማንበብ አልችልም ነበር። ኬርሚት አውቶቡስ ላይ የሚያነብልኝን በጆሮዬ ይዤ ነበር ክፍል ውስጥ የምደግመው። መምህሬ ወይዘሮ ራፍ ድንገት ገጹን ባይገለብጡብኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነበርኩ።»

«ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተን ፈርቼ ነዋ!» አሉኝና ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቦርዱ ፊት ቆመው ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ተናገሩ። እኔ ኋላ ተቀምጬ ነበር። የማንንም ስም አልጠሩም። ሰዎቹ ያደረጉት በፍርሃት ስለሆነ ማንም ከሥራው እንዳይባረር ለመኑ። ልጆቹ አዲስ ገጽ እንደገና ሲያነቡ ከኤልስበርግ አሥራ አንድ ልጆች ያለፉት ሦስት ሆኑ። ቦርዱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ትምህርት ቤታችን ለጊዜው እንዲቆይ፣ ዕጣው ግን በየዓመቱ የበረዶው ወራት ንባብ ታይቶ እንዲወሰን ፈረደ። ሁለቱ መምህራን ተመለሱ። ገጾቹ በወረዳው ቢሮ ቁም ሣጥን ተቆለፈባቸው፤ አዳማጩም ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው ሆነ።

ያን ዓመት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የፖስታ ሳጥናችንን አንድ ሰው በመኪና ገጭቶ ጣለው። ወይዘሮ ዳርላ ስለዚህ አንድም ቀን አላማረሩም፤ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ከልጆች ጋር በትናንሽ ወንበሮች ላይ መቀመጣቸውን ቀጠሉ። በኤልስበርግ ያለፉት በማግስቱ ዓመት አምስት ሆኑ፤ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ስምንት። ብሮዲ አምስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ቻለ። ባለፈው ዓመት በወረዳው ካሉት ሃምሳ ስምንት የሦስተኛ ክፍል ልጆች አርባ አራቱ ያላዩትን ገጽ አነበቡ።

ባለፈው ኦገስት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በቢስማርክ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት እኛ ቤት በልጅነት ክፍላቸው አሳለፉ። አንድ ቀን ይፈሩ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «የምፈራው የዘንድሮውን ንባብ ነው፣ አባዬ። እኔ ከሌለሁ ሰው ይፈራል» አሉኝ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ጠዋት በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከዕቃቸው ጋር እኛ ቤት ቀረ። ትናንት እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሾርባ እየጠጣን ሳለ አንድ ጎረቤቴ ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ኤርቪን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው አሉ። የሐሙሱ ንባብ እኮ ደረሰ። አንዷን ገጽ ብቻ ብናያት ማን ይጎዳል?» አለኝ። ስሙን አልጠራም። የልጅ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እኔ የፈራሁትን ነው የፈራው። አልተቆጣሁትም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። እጄ ኪሴ ገብቶ ቁልፉን ጨብጦት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት፣ ቁልፉን ለሆፍዳል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ለወይዘሮ ቫዮላ ኬም በእጃቸው አስረክቤአለሁ። እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ከእኔ ምንም አይጠይቅ። ሐሙስ ልጆቻችን ያላዩትን ገጽ ያነባሉ። ስንቱ እንደሚያነብ አላውቅም። ቁጥሩ ካነሰ ትምህርት ቤታችንን ልናጣ እንችላለን። ልጄን አንድ ጊዜ ዝም በይ ብያታለሁ፤ ሞታ ደግሞ ዝም አላሰኛትም።

ወይዘሮ ዳርላ ባለቤታቸውን ሮድኒን፣ ልጆቻቸውን ካሪሳንና ታነርን፣ እናታቸውን ሊዮታን፣ ወንድማቸውን ኬርሚትን፣ የወንድማቸውን ልጅ ብሮዲን፣ እኔን አባታቸውንና ሐሙስን የሚጠብቁትን የአምስቱን ትምህርት ቤት ልጆች ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን፤ እኛንም እየፈራን እውነቱን የምንሰማበት ብርታት ይስጠን። አሜን።