የተነቀለው የቤት ቁጥር

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ጎረቤቶቼ ተገጣጠሙ። አንደኛው ሸቀጣ ሸቀጥ የሚነግዱት ሐጂ ሽኩር፣ ሌላዋ የከተማ ፕላን ተምራ የሰፈራችንን ቤቶች የምትመዘግበው ዱሬቲ ናት። ሐጂ ገና ሲያዩዋት ፊታቸው ተቋጠረ።

"እንደምን አደሩ ሐጂ?"

"አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኪ መጣሽ ልጄ?"

"ከተማዋን በቴክኖሎጂ የሚያዘምነው የስማርት ሲቲ እቅድ ሲወጣ ሰፈራችን እንዳይረሳ ብዬ ነው።"

"ስማርት ሲቲ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ይሰማሉ መምህር? ዛሬ ይመዘግባሉ፤ ነገ ዶዘር ይመጣል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!"

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬያቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የፈረሰ ሰፈር ሁላችንም አይተናል። እሳቸው ግን መንደሩን አስተባብረው፣ መዝጋቢ ቤቱን እንዳይለይ የቤት ቁጥሩን ከየበሩ አስነቅለዋል። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

"ሥጋትዎ ይገባኛል፤" አለች ዱሬቲ ሳትቆጣ። "ከተሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አያቅዱም። አንዱ ከተማ የመንገድ ካሜራ ገዝቶ ሰቀለና ጥቅሙን በኋላ ማሰብ ጀመረ። ሌላው ግን መጀመሪያ ነዋሪውን 'ምን ቸገራችሁ?' አለ። 'ጎርፍ' አሉት፤ ከሁሉ በፊት ቦዩን ጠረገ።"

"እናንተስ የትኞቹ ናችሁ?"

"ችግራችሁን ካልነገራችሁን እንደ መጀመሪያው መሆናችን አይቀርም።"

"ምላስሽ ማር ነው፤ እኔን ግን አታታልዪም!"

"እሺ ሐጂ፤ ባለቤትዎን እትዬ አልፊያን አስም ያፈናቸው ዕለት አምቡላንሱ ለምን ዘገየ?"

"ሾፌሩ ደነዝ ነዋ! እዚህ ማዞሪያ ሲሽከረከር፣ ሚስቴን በብርድ ልብስ ተሸክመን አስፋልት አወጣናት።"

"የቤት ቁጥርዎን ነግረውት ነበር?"

"እንዴታ! ደጋግሜ..." ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

እኔ አላስቻለኝም፤ "ሐጂ፣ ቁጥሩን የትኛው በር ላይ ያንብበው?" አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልጋ ሥር ነው የደበቅኩት፤ እሷ በምትተኛበት አልጋ ሥር። ወይ እኔ! በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።"

"ስንጥር ፈርቶ ገንፎውን የሚደፋ የለም፤" አልኩ።

"እሰቅለዋለሁ። ግን ልጄ፣ ስለ እኛ የምትጽፊውን ሁሉ ለመንደሩ ታነቢያለሽ።"

"እርስዎ ሰው ይሰብስቡልኝ እንጂ፣ አነባለሁ።"

መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ጠርጥሮ መጠየቅ እንዲያውም እቅድን ያርማል። መደበቅ ግን ተደባቂውን ይጎዳል። ቤት ሲታወቅ አምቡላንስ ይደርሳል፤ ችግር ሲነገርም ቦዩ ከካሜራው ይቀድማል።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሐጂ መዶሻ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። እትዬ አልፊያ ከውስጥ ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ "ሽኩር፣ አጥብቀህ ምታው!" ሲሉ ሰማሁ።