ክብሪት አምጡ!

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ስነቃ ግን የሚያንገበግበኝ በሽታው ሳይሆን ክብሪቱ ነው። ባለፈው ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጣለኝ። ዓይኔን ስገልጥ መንገድ ዳር ተጋድሜያለሁ። አፍንጫዬ በክብሪት ጭስ ታፍኗል፣ የላይኛው ከንፈሬ ተለብልቧል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ከቦኝ «እሰይ፣ ነቃ! ነቃ!» ይላል። ክብሪቱን የያዙት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

«አባቴ፣ ምነው አቃጠሉኝ?» አልኳቸው።

«ባልጭርልህማ መች ትነቃ ነበር?» አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ደሜ ፈላ። መኪናው ሲነሳ ራሴ እየዞረ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እስከ ገሳይ ድረስ ለፈለፍኩ። «ይኼ የአንጎል ሕመም ነው አባቴ። ለጥቂት ደቂቃ ያንቀጠቅጠኝና በራሱ ጊዜ ይለቀኛል። ክብሪት ተጫረም አልተጫረም እነቃለሁ! አንቱ ብቻ በጎኔ ያስተኙኝ፣ ጋቢዎን ከራሴ ስር ያድርጉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጭሱ ምንም አይረዳም?»

«ምንም!»

«አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመስገን፣ ቢያንስ አንድ ሰው ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ገሳይ ደርሰን ልወርድ ስል እጄን ያዝ አደረጉና ክብሪቱን ከነቤቱ መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ያዘው ልጄ። በምትወድቅበት ሁሉ ክብሪት የያዘ ሰው አይገኝም።»

ሽማግሌ ናቸው፣ ምን እላለሁ? በዚያው በተለበለበው ከንፈሬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወረድኩ።