የአራሷ ቴምር

ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ በምትወጣ ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ቴምር ለማን ነው?»

«ለልጄ። አራስ ናት።»

«እሰይ! ቴምር ለአራስ ጉልበት ይሰጣል፤ ሆድም ያለሰልሳል።»

«ለእናቷም እንዲሁ ተብዬ ገዝቼላት ነበር፤ በድርቁ ጊዜ፣ አራስ ሳለች። ‹በላሽ?› ስላት ‹በላሁ› ትለኛለች።»

«አልበላችም?»

«ለልጆቹ ነበር የምታበላው። እኔ የሰማሁት ከቀበርናት በኋላ ነው፤ ይህችው ልጄ ነገረችኝ።»

«አላህ ይማራት። እርስዎ ያኔ በምን ሊያውቁ ይችሉ ነበር?»

«አጠገቧ መቀመጥ ነበረብኝ። አሁን ግን ልጄ እስክትበላ ከፊቷ አልነሳም።»

«ሌሎች ልጆችም አሏት?»

«አሏት። ለነሱ ለብቻ ይዣለሁ።»

ባለቤቴ ጠዋት «እኔ በልቻለሁ» ብላ ለመንገድ የቋጠረችልኝን ስንቅ ሳልፈታው በእጄ እንደያዝኩ አሰበ ተፈሪ ደረስን።