ለሰብሳቢው የተሠራው ወንበር

የጠረጴዛዬ እግር ተሰብሮ ስላስቸገረኝ ተሸክሜው ወደ አናጢው ጎረቤቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። አናጢው አንድ አዲስ ወንበር ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በብርጭቆ ወረቀት ያሹ ነበር። እንዲህ ያማረ ወንበር ከእጃቸው ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«ይህ ወንበር ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነው፤ በአማቹ በኩል እልክለታለሁ። ጤና ጣቢያችንን ዘግተው ከአውራ ጎዳናው ማዶ ካለው ጋር ሊቀላቅሉት ነው አሉ። ባለቤቴ በዚያ በቆሰለ እግሯ እንዴት ትሻገር? ሰው በሰው ካልሆነ ምን መላ አለ፣ መምህር?»

በዚህ መሀል የእህታቸው ልጅ ገባች። ነርስ ናት፤ የባለቤታቸውን ቁስል በየሳምንቱ አጥባ የምታሽገው እሷ ናት።

«አጎቴ፣ ደህና ዋሉ? ሐሙስ የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። መጥተው ይናገሩልን።»

«እኔ? ሆሆይ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«የምን ንጉሥ አመጡብኝ! ሰብሳቢው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የመረጡትም እርስዎ ነዎት።»

«ቢሆንም ሹም ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«አናጢ ሆነው እንዲህ ይላሉ? ዝም ብሎ የተቀመጠ እንጨት አይደለም እንዴ የሚነቅዘው?»

ሳቄ አመለጠኝ። አናጢው ግን ኮስተር አሉ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ለምን አንቺው አትናገሪም?»

«እኔማ እዚያው ተቀጣሪ ነኝ፤ ለእንጀራዋ ተከራከረች ይሉኛል። ደግሞስ ወንበሩ ተወዶ ቢሳካልዎት፣ ለአክስቴ ብቻ መኪና ይልኩላት ይሆናል። እዚህ ከጎንዎ ቤት ያለችው ነፍሰ ጡርስ? እሷ ምን ወንበር ትላክ?»

የአናጢው እጅ ማሸቱን ተወ።

የሰፈራችን ሰው አንድ ክፉ አመል አለው። አዳራሽ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥና ከበሩ ሲወጣ አንበሳ ይሆናል። አምና የመንገድ መብራታችን ተነቅሎ ወደ ገበያው ሲሄድ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም፤ ውጭ ግን ጩኸቱ ሰማይ ይደርስ ነበር። ቃለ ጉባኤው «ሁሉም ተስማማ» ይላል። ምን ይበል ታዲያ? ዝም ላለ ሰው ጸሐፊው ቃል አይፈጥርለትም።

«ወዳጄ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አልኳቸው። «እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሹመት አይደለም።»

«ብዘባርቅስ?»

«ይዘባርቁ!» አለች ልጅቷ። «የአክስቴን እግር ብቻ አይርሱ።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰብሳቢው ጉዳዩን አንብቦ «ተቃውሞ ያለው?» አለ። እንደ ልማዳችን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። «እንግዲህ ከሌለ…» ሲል ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። አናጢው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ጌቶቼ… ኧረ ምን ጌቶቼ፣ ጎረቤቶቼ! ባለቤቴ እግሯ ቆስሎ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ያንን አውራ ጎዳና እኔ እንኳ በጤናዬ የምሻገረው እየተሳቀቅኩ ነው። ነፍሰ ጡሮችም አሉን። ከመዝጋታችሁ በፊት ከእናንተ አንዱ ይምጣና ባለቤቴን ደግፎ ያሻግራት። ከዚያ በኋላ አስችሎት ዝጉ ካለ፣ ዝጉት።»

ከዚያማ ማን ይቻለን! ነፍሰ ጡሯ ተነሳች፤ ልብስ ሰፊው ቀጠለ፤ ጫማውን ሲያይ የነበረ ሁሉ እጁን አወጣ። ድምፅ ተሰጠና ጤና ጣቢያው ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ነርሷ ለማታውቀው ሰው ሁሉ «አጎቴ ናቸው! የኔ አጎት!» ትል ነበር። እኔም በጎረቤቴ ኮርቼ እንባዬ መጣ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በል። ደጅ ላይ የሚጮህ ጉሮሮው ይደርቃል እንጂ የሚጽፍለት የለም። አዳራሽ ውስጥ የተናገረ ግን ቢሸነፍ እንኳ «ተስማማ» አይባልም። በእጅ መንሻ የተገኘ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ ነው፤ በግልጽ ተጠይቆ የተገኘ ለሰፈር ይተርፋል። የመብራቱም ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተያዘ።

የዚያ ስብሰባ ዕለት አናጢውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያንኑ ወንበር ተሸክመዋል! ክው አልኩ።

«ለማን ነው? ለሰብሳቢው እንዳይሉኝ ብቻ!»

«ኧረ ወዲያ!» አሉና ወደ ኋላቸው ዞሩ። ባለቤታቸው በምርኩዝ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። «ለእሷ ነው። የአዳራሹ አግዳሚ አይመቻትም፤ ዛሬ ስለ መብራቱ የምትናገረው ደግሞ እሷ ናት።»