የሾፌሩ እንክብል

ሄሎ? … ሄሎ! ማን ልበል? … ውይ፣ ሾፌር! አንተ ነህ እንዴ? ቆይ፣ ስልኩን ትከሻዬ ላይ ላስደግፈው፣ እጄ አረፋ በአረፋ ነው።

— ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ራስዎን እንዳያንቀሳቅሱ፣ ምላጭ ይዣለሁ። የማኅበራችን ልጅ ነው፤ መጠጥ ያቆምን ሰዎች የምንሰበሰብበት።

እህ፣ ቀጥል ሾፌር … እንክብል? የምን እንክብል?

… ሲጋራ ለማቆም! አትቀልድ።

… ዘጠኝ ቀን ሆነህ? እኔን ሳትነግረኝ? አሃ … ለዚህ ነዋ ሐሙስ በስብሰባው እረፍት ከእኛ ጋር ልታጨስ ደረጃው ላይ ያልወጣኸው! እኔ ደግሞ ምን በድዬው ነው ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

… እሺ ንገረኝ። ዋጥ አድርገኸው ብታጨስ ምን ይሆናል? … ምንም? እንዴት ምንም! … ገለባ እንደማጨስ? ጉድ በል! ታዲያ ያምርሃል ወይስ አያምርህም? … ደብዘዝ ይላል። … ማቅለሽለሽስ? … በባዶ ሆድ ከሆነ። እሱማ ቀላል ነው፣ እህል ቀመስ አድርጎ መዋጥ ነዋ።

— ምን አሉ ጋሼ? … ሾፌር፣ ደንበኛዬ “እንቅልፍ ይነሳል ወይ?” ይላሉ። … ህልም? … አውቶቡሱን ባሕር ላይ ነዳኸው! ተሳፋሪ ነበረው? … ትኬትም ቆርጠዋል! — ጋሼ፣ አይሳቁ፣ እቆርጥዎታለሁ!

… ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ድምፅህ ምን ሆነ?

… መጠጡ አማረህ። መቼ? … ዛሬ ጠዋት። ቀመስክ እንዴ? … ተመስገን! አሁን የት ነህ? … መናኸሪያ። ጎሽ፣ ተራህ እስኪደርስ ከወንበርህ እንዳትነሳ።

… እንክብሉን ልትጥለው? … እኔ “ጣለው” ካልኩህ?

… አዎ፣ ብያለሁ። “ባንድ እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ መጠጡን ስትተው ሲጋራውን አትንካ” ብያለሁ። ለመጣው ሁሉ ነው የምለው።

… ስማኝ። አንተ ማኅበሩ ስትመጣ አጫሽ አልነበርክም። እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ “ያዝ፣ እጅህ ሥራ ይኑረው” ብዬ የመጀመሪያዋን የለኮስኩልህ እኔ ነኝ። … ተው፣ ረስቼዋለሁ አትበለኝ። እኔ አልረሳሁትም። ያን ምክር ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል? ከሐኪም? ከማንም! ሁለቱን አብሬ ለመተው ሞክሬ እንኳ አላውቅም። ሲጋራዬን እንዳያስጥሉኝ ፈርቼ ያወጣሁት ሕግ ነው። ይቅር በለኝ።

… አትጣለው። የጠዋቱንም ነገር ሳትደብቅ ለሐኪሙ ንገረው፣ የሚያውቀው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቀጠሮህ መቼ ነው? … ነገ ሦስት ሰዓት። እመጣለሁ። … ላጅብህ ነዋ። … ምን ያስቅሃል? … እሺ፣ ላጅብህ ብቻ አይደለም። ደስ አለህ?

— አቤት ጋሼ? … እርስዎም ማቆም ይፈልጋሉ? ስንት ዓመት አጨሱ? … ኧረ በሕግ!

ሾፌር! ነገ ሦስት ነን። … አንደኛ ፎቅ፣ እሺ። ደግሞ ካማረህ ደውል፣ ሰው እየላጨሁም ቢሆን አነሳለሁ። በል ቻው … ቻው።

— ጋሼ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ። … አይፍሩ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው።